አዳራሹ ያላየው ሠርግ

ቪዲዮ ዴክ ያላችሁ ሰዎች፣ እስቲ አዙሩትና ጀርባውን እዩት። ፊቱን አላልኩም፤ ፊቱማ ለእንግዳ ነው። ጀርባውን። አንቴና የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ ሥዕሉ ወደ ቴሌቪዥን የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፤ በመካከላቸው ደግሞ የሕፃን ጥፍር የምታክል ማገላበጫ አለች። አቧራ ስለሚሸፍናት ብዙ ሰው ልብ አይላትም። ነቀምቴ ውስጥ አንድ ነፍሰ ገዳይ በሕዝብ ፊት የተጋለጠው በዚህች ማገላበጫ ነው። ተጋለጠ ስላችሁ ግን ለእልልታ አትቸኩሉ። ማን መልሶ እንደሸፈነውም እነግራችኋለሁ፤ ብዕር ያነሳሁት ለዚያ ነው።

የማወራላችሁ ስለ ወርቂቱ ነው። አባቷ በነቀምቴና በኡኬ መካከል በበቅሎ እየተመላለሰ ቡና የሚነግድ ሰው ነበር። ሲሞት ቤት ውስጥ የቀረው የበቅሎዋ ዕቃና ሁለት ልጆች ናቸው፤ ወርቂቱና ታናሽ ወንድሟ ገቢሳ። ገቢሳ በጸሎት ቤት መዘምራን መካከል አኮርዲዮን የሚጫወት ልጅ ነበር። የአኮርዲዮኑ ማንገቻ ተበጥሶ የሚተካው ሲጠፋ፣ ወርቂቱ የአባቷን በቅሎ የአንገት ጠፍር ቆርጣ ሰፋችለት። ጠፍሩ የናስ ጉብጉብ የተደረደረበት፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ከሩቅ የሚያብለጨልጭ ነው። ከዚያ ወዲያ የከተማው ልጆች ስም አወጡለት፤ የበቅሎው አኮርዲዮን። በሠርግም በለቅሶም ያላየው የነቀምቴ ሰው አልነበረም። እናንተም አይታችሁታል።

በደርግ ዘመን የጸሎት ቤቶች ሲታሸጉ የእነ ወርቂቱም ታሸገ። ወንበሩ፣ ጄኔሬተሩ፣ የድምፅ ማጉያ ቀንዱ ሳይቀር ተወርሶ ቤቱ የቀበሌ አዳራሽ ሆነ። በበከኒሳ ቀሴ ሰፈር በኩል ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። መዘምራኑ አፋቸውን ዘጉ። ገቢሳ ግን እንቢ አለ። «ሰው ያለ መዝሙር እንደ ውሻ አይቀበርም» እያለ ለቅሶ በደረሰበት ሁሉ አኮርዲዮኑን አንግቶ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ከመቃብር ዳር ከነአኮርዲዮኑ ወሰዱት። ያስወሰደው የቀበሌው ሊቀመንበር መሸሻ ነው። ገቢሳ አልተመለሰም።

«ለአውራጃ አስረክቤዋለሁ» አለ መሸሻ። «ከነሳጥኑ፣ ከነጩኸቱ። ከዚያ አምልጦ ሱዳን ገባ ሲሉ ሰማሁ። እኔን ምን ትሉኛላችሁ?»

ወርቂቱ ዝም አላለችም። ወደ ኦቦ ጃራ ሄደች። ኦቦ ጃራ ደም የፈሰሰበትን፣ ድንበር የተገፋበትን ሁሉ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። በዚያን ጊዜ ሽጉጥ የታጠቀ ካድሬ እንኳ ሽማግሌ ሲጠራው መቅረት ይፈራ ነበር፤ የሚስቱ ዘመዶች እነሱው መካከል ነበሩና። መሸሻ መጣ። ሽጉጡን ጭኑ ላይ አድርጎ ማለ።

«ከገቢሳ ዕቃ አንዲት ክር እጄ ላይ ቀርታ ከሆነ፣ ልጄን ድሬ ፍሬዋን አልይ!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ኦቦ ጃራ ወደ ወርቂቱ ዞረው፣ «ልጄ፣ ሰውየው ማለ» አሉ። «የማለን ሰው መልሰን ለመጠየቅ መሐላውን የሚያፈርስ ዓይን ያስፈልገናል። ያንቺ ዓይን አይሆንም፤ ያለቀሰ ዓይን አጥርቶ አያይም ይላል ሕጋችን። ዘመድ ያልሆነ አንድ ሰው፣ ከገቢሳ ዕቃ በዚህ ሰው እጅ አይቻለሁ ብሎ ይምጣ። ያን ጊዜ እንቀመጣለን። ያን ጊዜ ሬሳውን የት እንደጣለው በግድ ይናገራል።»

ወርቂቱ የምትፈልገው ይህንኑ ነበር። የወንድሟን አጥንት ቆፍራ አውጥታ በመዝሙር መቅበር፣ ገዳዩም በሽማግሌ ፊት ቆሞ «እኔ ነኝ» ሲል መስማት። ለዚህ የጎደላት አንድ የባዕድ ዓይን ብቻ ነው።

መሸሻ ደግሞ ብልጥ ነኝ ባይ ነው። የሚያኮርፍህን ሰው እንጀራ አጉርሰህ አፉን ዝጋ የሚል። ወርቂቱን በአዳራሹ ውስጥ ቀጠራት። ከተማው «እዩት ደግነቱን!» አለ። ከተማው ምን የማይለው አለ! እሷ ግን የተቀጠረችው ስህተቱን ልትጠብቅ ነው። ወለሉን ጠረገች፤ ወንበሩን ደረደረች። ቴሌቪዥን ሲመጣ ቴሌቪዥኑን፣ ቪዲዮ ዴክ ሲመጣ ዴኩን ያዘች። ከአዲስ አበባ ዕቃውን ይዞ የመጣው ቴክኒሻን ማዘንጊያ የሚባል ለዛ ያለው ሰው ነበር፤ የእያንዳንዱን ገመድ ጠባይ አስተምሯት ሄደ። ጠላቷ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ኳስ የሚያየው እሷ ሥዕሉን ስታጠራለት ነበር። እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት ጽድቅ እንዳይመስላችሁ። ቂም ነው። ቂምም እንደ ብረት ምጣድ ቀስ ብሎ ነው የሚግለው።

መሸሻ ልጁን ጊምቢ ዳረ። ከተመለሰ በኋላ አንድ ከሰዓት ወዳጆቹን ሰብስቦ ወደ አዳራሹ ገባ፤ ካሴት በእጁ ይዟል።

«ወርቂቱ! ነይ እንጂ፣ የልጄን ሠርግ ክፈችልን። ከአዲስ አበባ ካሜራ አስመጥተን ነው ያስቀረጽነው።»

«እሺ ጓድ ሊቀመንበር።»

«አንቺም እዪ። ቁጭ በይ። ሠርግ አይተሽ አታውቂም እንዴ?»

አልተቀመጠችም፤ ከወንበሮቹ ኋላ ቆመች። ሙሽሮች ገቡ፣ ሥጋው ተቆረጠ፣ ጠጁ ተቀዳ። ከዚያ መሸሻ ራሱ ከድንኳኑ መካከል ተነሥቶ፣ ለሙሽራው ታናሽ ወንድም ስጦታ ሲያነግት ታየ። አኮርዲዮን ነው። ከትከሻው ላይ የናስ ጉብጉብ አብለጨለጨ።

«ምን የመሰለ ስጦታ ነው ጓድ!» አለ አንዱ ወዳጁ። «ከየት አገኙት?»

«ከየት እንዳገኘሁት አትጠይቀኝ» አለ መሸሻ፤ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እሱ ራሱ ወደ ነቀምቴ የመጣው ከሌላ አገር ነው። ያ ጠፍር የማን በቅሎ አንገት ላይ እንደነበር፣ ማን እንደሰፋው አያውቅም፤ አኮርዲዮኑን የሚያውቅ ጊምቢ ውስጥ የለም ብሎ ነው የሰጠው። የሰፋችው ከኋላው ቆማለች።

«ሙዚቀኛው ጎበዝ ነው» አለች ወርቂቱ። ካሴቱን አውጥታ በአዳራሹ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው፤ ሊቀመንበሩ በየሳምንቱ ማየት ይፈልግ ነበርና።

ሄዳ ብትናገር «ያንቺ ዓይን አይሆንም» ሊሏት ነው። ወዳጆቹ አይተዋል፤ ግን የእሱን ጠጅ የጠጣ አፍ ነው። የባዕድ ዓይን ያስፈልጋታል፤ ብዙ የባዕድ ዓይን።

ደርግ የሕዝብ ሪፐብሊክ ያወጀ ዕለት መሸሻ ራሱ መንገዱን ከፈተላት። ንግግሩ ከአዲስ አበባ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ ሕዝቡ ወጥቶ እንዲያይ ታዘዘ። መሸሻ ግን ከሕዝብ ጋር መቀመጥ አይወድም። «እኛ አመራሮቹ አዳራሽ ውስጥ፣ ሕዝቡ ግቢ ውስጥ፤ ሁለት ቴሌቪዥን ይኑር» አለ። አዳራሹ የራሱ አለው። ለግቢው ከሱቅ ነጋዴው ከረዲ ቴሌቪዥን በውሰት መጣ፤ ሥዕል የሚያጎላ ቡስተር የሚሉት ቀይ መብራት ያለበት ሳጥንም አብሮ መጣ። የነቀምቴ ሥዕል ያን ጊዜ ጭጋግ ነበር፤ ያለ ቡስተር የሰው ፊትና የበግ ፊት አይለይም።

ከበዓሉ በፊት ሞከሩት። ቡስተሩ ሲሰካ አዳራሹ እንደ መስተዋት ጠራ፤ የግቢው ግን ድርግም አለ። ቡስተሩ ሲነቀል የግቢው መጣ፤ የአዳራሹ በረዶ ዘነበበት።

«ምንድነው ይሄ?» ብሎ ጮኸ መሸሻ።

ረዲ አገጩን አከከ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ የሁለት ሚስት ነገር ነው። አዲሲቱ ስትገባ አሮጊቷ ታኮርፋለች።»

«ቀልድህን ተውና አስታርቃቸው!»

አስታራቂዋ ወርቂቱ ነበረች። ማዘንጊያ ነግሯት ነበር። ዴኩ በራሱ ውስጥ የተሠራ ሥዕል ማውጫ አለው፤ ከውጭ ሌላ አጋዥ ሲሰካበት «እኔ አልፈለግም ማለት ነው» ብሎ የራሱን ይዘጋል። ሁለቱ አብረው እንዲሠሩ ከፈለግሽ ከኋላ ማገላበጫዋን ገልብጪና «አንተም ሥራህን ቀጥል» በዪው። ደግሞ ሁለቱንም ቴሌቪዥን አንዱ ላይ አትጫኝ፤ የአዳራሹን ለቡስተሩ፣ የግቢውን ለዴኩ ስጪ። ወርቂቱ አቧራውን በጣቷ ጠርጋ ገለበጠቻት። በሁለቱም ቴሌቪዥን ሥዕሉ መጣ።

«በቃ!» አለ መሸሻ። «አሁን እኔ የማየውን ሕዝቡም ያያል።»

«እንደ ፍላጎታችን ነው ጓድ። ቡስተሩ የአንቴናውን ይሰጣል፤ ዴኩ ከፈለግን አንቴናውን፣ ከፈለግን ሌላ ነገር—»

«ሴትዮ፣ እኔን ቴክኒክ አታስተምሪኝ! አንድ ነው ካልኩ አንድ ነው።»

እነሆ ነገረችው። በገዛ አፏ ነገረችው። ሰው አልሰማ ካለ ማን ምን ያድርገው?

በዓሉ ደረሰ። ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጥሮ የረዲ ቴሌቪዥን ከጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አደረጉት፤ ንግግሩ ከአዳራሹ ቴሌቪዥን ተስቦ በዛፉ ላይ በተሰቀለው ቀንድ ይሰማል። ኦቦ ጃራና ሽማግሌዎቹ ከፊት ተቀመጡ፤ አመራር ስላልሆኑ አዳራሹ አይገባቸውም። ከእነሱ ኋላ ነቀምቴ ናት። ነጋዴው፣ መምህሩ፣ የቢሮው ሰው፣ ከገበያ የተነዳው። ኋላ ያለው ስለማያይ የፊተኛው እያየ ይነግረዋል። ወርቂቱ በአዳራሹና በግቢው መካከል ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በዴኩና በቡስተሩ ፊት ቆማለች።

ንግግሩ ተጀመረ። አዳራሹ አጨበጨበ። ወርቂቱ ካሴቱን ከተተች።

«ኧረ ይሄ ሠርግ ነው!» አለች ከፊት አንዲት ሴት።

«ዝም በይ፤ ፕሮግራሙ ነው።»

«ጠጅ እየቀዱ?»

«የሪፐብሊኩ ሠርግ ይሆናላ!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ሰዎች ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑ። ቀንዱ ከላይ ስለ ሰፊው ሕዝብ ንብረት ይለፍፋል፤ ከታች ሙሽራ ትገባለች።

«ሙሽራዋ የመሸሻ ልጅ አይደለችም?»

«ናት። ያውና ራሱም። ምን እያነገተለት ነው?»

ከዚያ ማንም አልሳቀም። አንዲት አሮጊት ከመካከል ተነሥተው፣ «ዋቀዮ! ያ ገቢሳ ኮ!» ብለው ጮኹ፤ «አምላኬ! ገቢሳዬ!» ማለታቸው ነው። «የበቅሎው አኮርዲዮን» የሚለው ቃል ከፊት ወደ ኋላ፣ ከአፍ ወደ አፍ ሄዶ አጥሩ ድረስ ደረሰ። ኦቦ ጃራ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሬሳ ሲያልፍ እንደሚወለቀው። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ።

አዳራሽ ውስጥ መሸሻ ልቅሶውን በመስኮት ሰማ። ወደ ጎኑ ዘንበል ብሎ፣ «ሕዝቡ በደስታ እያለቀሰ ነው» አለ። ያጨበጭባል እኮ! የራሱ ወንጀል ከአንድ ግድግዳ ማዶ እየታየ እሱ ያጨበጭባል።

አንድ አብዮት ጠባቂ ነገሩ ገባውና ወደ ጠባቧ ክፍል ሮጠ። ወርቂቱን ገፍትሮ ገመድ ሊነቅል ሲል ቀይ መብራቱን አየ። ክፉው ነገር ሁሉ ከመጤው ሳጥን መስሎት ቡስተሩን መነገለው። የአዳራሹ ቴሌቪዥን ጠፋ። ቀንዱ ዝም አለ። ዴኩ ግን የራሱን ሥራ ቀጠለ።

አመራሮቹ «ምን ሆነ?» እያሉ ወደ ግቢው ወጡ። መሸሻ ከፊት ነበር። ቴሌቪዥኑን አየ፤ ራሱን አየ፤ ያን ጠፍር በሙሽራው ወንድም ትከሻ ላይ ሲያስተካክል። ዞሮ ሕዝቡን አየ። ሕዝቡ እሱን አየው። ወርቂቱ ከክፍሉ በር ላይ ሆና ሁለቱንም አየች። «ያን ጊዜ እግዚአብሔር ነፍሴን ቢወስዳት አላዝንም ነበር» ብላኛለች። እኔ ያን ቀን ከከተማ ውጭ ነበርኩ፤ የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ከዚያም በድብቅ ያንሾካሾካችሁልኝ እናንተ ናችሁ።

አዎ፣ እናንተ። አሁን ወደ እናንተ መጣሁ።

ወርቂቱ በአዳራሹ ጥግ ባለው ክፍል ታሰረች። ከአውራጃ ሰዎች መጡ። «በበዓሉ ዕለት በግቢው ቴሌቪዥን ምን ታየ?» እያሉ ግቢ የነበረውን ሰው አንድ በአንድ ጠየቁ። ግድግዳው ስስ ስለነበር እሷ እያንዳንዱን ድምፅ ትሰማለች።

«ንግግር ነው ያየሁት።»

«ንግግሩን ተከታተልኩ።»

«ንግግር። ጥሩ ንግግር።»

አሮጊቷ እንኳ «እኔ ዓይኔ ፈዟል፤ ሰው ሲያለቅስ አለቀስኩ» አሉ። ረዲ ሲጠየቅ፣ «ጌታዬ፣ እኔ ሥዕሉን ማን አየ! ሸራው እንዳያፈስበት ቴሌቪዥኔን ስጠብቅ ነበር» ብሎ ጠያቂዎቹን አሳቀ። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ «ሠርግ አየሁ» አላለም።

የታየ ነገር ከሌለ ያሳየ ሰው የለም። ወርቂቱ ተፈታች። መሸሻም ነገሩን አልገፋበትም፤ «ካሴቴን አጫወተች» ካለ ካሴቱን ማቅረብ ሊመጣ ነው። ካሴቱን በእሳት ለቀቀው፣ እሷንም «ቡስተር አቃጠለች» ብሎ ከሥራ አባረራት። እሱ ከወንበሩ አልተነቃነቀም። ውሸታችሁ አንገቷን አትርፏል ብላችሁ ትጽናኑ ይሆናል። ማን አንገቴን አትርፉልኝ አላችሁ? እሷ አንገቷን ይዛ ነው የገባችበት። የለመነችው ዓይናችሁን ነው።

በተፈታች ማግስት ኦቦ ጃራ ደጅ ቆመች።

«ኦቦ፣ ዓይን አምጪ ብለውኝ ነበር። ግቢ ሙሉ ዓይን አመጣሁልዎ።»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «ልጄ፣ ያየው ብዙ ነው። አይቻለሁ የሚለው ነው የጠፋው።»

«እርስዎስ? ከፊት አልነበሩም? ባርኔጣዎን አላወለቁም?»

«እኔ ዳኛ ነኝ። ዳኛ ምስክር ከሆነ ማን ይፈርዳል? አንድ ሰው ይምጣ፤ የዚያኑ ቀን እቀመጣለሁ። ዛሬም ቃሌ ቃል ነው።»

እኔ በእሳቸው ላይ ተናድጄ ነበር። አሁን ግን ንዴቴን ከእሳቸው አንሥቼ ለባለቤቶቹ መልሻለሁ።

ወርቂቱ አሁን ከገበያው ዳር ጋዝ ትሸጣለች። በመንገድ ያለፈ ሰው «አከም ቡልቴ፣ ወርቂቱ?» ብሎ እንዴት አደርሽ ሲላት፣ እንደ ሰው «ደኅና» አትልም። ቀና ብላ ታየዋለች፤ «ያን ቀን ምን አየህ?» ትላለች። ይኸው ነው ሰላምታዋ። ለመምህሩም፣ ለነጋዴውም፣ ለሰባኪውም። ጋዝ ሊገዛ የመጣ ቆርቆሮውን ይዞ ይመለሳል። ረዲ መንገድ ቀይሯል። «አብዳለች» የምትሉ አላችሁ። አላበደችም። ደርግ ሳይወድቅ የጀመረችው በቀል ነው፤ እያንዳንዳችሁን በየቀኑ ለብቻ ታስራችኋለች፤ እናንተም ስታልፉ እግራችሁን ስትጎትቱ አይቻለሁ። ደግ አደረገች! እኔ በእሷ ቦታ ብሆን ጋዙን ደጃችሁ ላይ ባፈሰስኩት ነበር።

«ዘመኑ ነው፤ ምን እናድርግ፤ ልጆች ነበሩን» ትላላችሁ። ይሁን። ያን ጊዜ ሽጉጥ ነበር። አሁንስ? ደርግ ሄደ። የጸሎት ቤቱ ተከፍቶ መዝሙሩ ደጅ ድረስ ይሰማል። መሸሻ ጥቂት ታስሮ «ማስረጃ የለም» ተብሎ ተለቀቀ፤ የልጅ ልጁን አቅፎ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል እናንተ ደስ ሊላችሁ ይገባ ነበር፤ ውሻው ቢያንስ ጮኋል። እናንተ ጅቡ ከሄደም በኋላ ጭራችሁን ቆልፋችኋል። ገቢሳ እስካሁን የት እንደተጣለ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እያረጀ ነው። እሱ ሲሞት አጥንቱ ለዘላለም ይጠፋል። የወንድሟን አጥንት የምትጨርሱት እናንተ ናችሁ፤ እሱ የገደለው ሥጋውን ነው።

ያን ቀን በሸራው ሥር ቆመህ የነበርክ ሰው፣ አንቺም ቆመሽ የነበርሽ ሴት፣ ሁላችሁንም አልጠይቅም። አንድ ሰው ይበቃል። ኦቦ ጃራ ቅዳሜ ጠዋት ደጃቸው ላይ ይቀመጣሉ። ተነሥና ሂድ፤ ተነሺና ሂጂ፤ ፊታቸው ቁሙና «አኮርዲዮኑን በመሸሻ እጅ አይቻለሁ» በሉ።